ስምና ሥዕል ያለበት ኩባያ በቤት ስለ ማተም

ለሠርግ፥ ለልደትና ለምረቃ የሚሰጠው ገጸ በረከት ብዙ ዓይነት ነው። ነገር ግን የተቀባዩ ስም ወይም ፎቶግራፍ የታተመበት ኩባያ ዋጋው መጠነኛ ሲሆን ዕለት ዕለት ከእጅ የማይለይ ስለ ሆነ፥ በዚህ ዘመን በከተሞቻችን የተወደደ ስጦታ ሆኗል። ይህንን ሥራ አንድ ቤተሰብ በገዛ ቤቱ ሊሠራው ይችላል። ስለዚህ ለዕቃው የሚወጣው ገንዘብ በከንቱ እንዳይቀር ጥቂት ምክር ልንጽፍ ወደድን።

ነገሩን በመቂ ከተማ አስመስለን እንናገር። መቂ በምሥራቅ ሸዋ፥ በዝዋይ ሐይቅ አቅራቢያ የምትገኝ፥ በሽንኩርትና በቲማቲም የታወቀች ከተማ ናት። የአትክልት ገንዘብ ግን እንደ አትክልቱ ነው፤ ዋጋው ባማረበት ሳምንት ቤቱን ይሞላል፤ በረከሰበት ሳምንት ደግሞ የተለቀመው ሳይሸጥ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከደኅናው ሳምንት የተረፈውን ወይም ከዕቁብ የደረሰውን ገንዘብ በማይበሰብስ ሥራ ላይ ማዋል የብልህ ቤተሰብ አሳብ ነው። ዕቃው ያለ ዕውቀት የተገዛ እንደ ሆነ ግን ይህም ገንዘብ ከተበላሸው ቲማቲም አይሻልም።

የጥበቡ መሠረት አዲስ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1756 ዓመት በእንግሊዝ አገር በሊቨርፑል ከተማ ጆን ሳድለርና ጋይ ግሪን የተባሉ ሰዎች ሥዕልን ከወረቀት ወደ ሸክላ ንጣፍ በማዛወር በ6 ሰዓት ውስጥ ከ1,200 የሚበልጥ ማተማቸውን በመሐላ አረጋግጠዋል። የዛሬውም ሥራ ከወረቀት ወደ ዕቃ ማዛወር ነው፤ የሚለየው በቀለሙ ነው። ሰብሊሜሽን የሚባለው ቀለም ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ወደ ተን ይለወጥና በኩባያው ልባጥ ውስጥ ይገባል፤ ሲቀዘቅዝም በዚያው ታስሮ ይቀራል።

ስለ ዕቃው አመራረጥ የሚከተለውን ማስተዋል ይገባል።

1ኛ፤ ኩባያው። ልባጥ የሌለው ተራ የሸክላ ኩባያ ቀለሙን አይዝም። የአባት መታሰቢያ ተብሎ የታዘዘ ፎቶግራፍ በመጀመሪያው እጥበት ቢለቅ፥ ገንዘቡ ቢመለስ እንኳ የባለቤቱ ኀዘን አይመለስም። ስለዚህ ለዚሁ ሥራ የተሰናዳ ነጭ ኩባያ ይገዛል፤ ካርቶኑ ሁሉ ከመወሰዱ በፊትም አንዱን አትሞና አጥቦ መሞከር ነው። የቡና ሲኒ ግን ትንሽና ወደ ታች የሚጠብብ ስለ ሆነ ተራው መጫኛ አያቅፈውም፤ በሲኒ ለመጀመር ያሰበ ሰው አሳቡን ይለውጥ።

2ኛ፤ በገበያ ሂት ፕሬስ የሚባለው የሙቀት መጫኛ መኪና። ኩባያ፥ ሸሚዝና ሳሕን ሁሉ ያትማል የተባለው መኪና ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ለኩባያ ብቻ የሚሠራው ዋጋውም ያነሰ፥ ለጀማሪም የበቃ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ቮልቱ ይታይ። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው፤ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው የ110 ቮልት መኪና እንዲያው ቢሰካ ይቃጠላል።

3ኛ፤ ማተሚያው። ቀለሙን በሙቀት የሚተፋ ፕሪንተር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ እንደ ኤፕሰን ያለው ያለ ሙቀት የሚገፋው ነው የሚሆነው። አንድ ጊዜ የሰብሊሜሽን ቀለም የተሞላበት ፕሪንተር ግን ወደ ደብዳቤ ሥራ እንዲመለስ አይታሰብ። ደግሞም ሳይሠራ ብዙ ቀን የተቀመጠ እንደ ሆነ ቀለሙ በአፉ ደርቆ ይዘጋዋል፤ እንደ መቂ ሙቀትና አቧራ ባለበት አገር በየሳምንቱ አንድ ገጽ ማተምና ሸፍኖ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ትእዛዙ ገና ጥቂት የሆነ ቤተሰብ መጫኛውን ብቻ ገዝቶ፥ የታተመውን ወረቀት በዚሁ ቀለም ከሚሠራ ማተሚያ ቤት ቢያስመጣ ይሻለዋል።

4ኛ፤ ኤሌክትሪኩ። 350 ዋት የሚወስድ መጫኛ በ5 ደቂቃ የሚፈጀው 30 ዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ከእንጀራ ምጣድ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ፍጆታው አያስፈራም፤ ነገር ግን በመካከል መብራት ቢጠፋ በመኪናው ውስጥ ያለው ኩባያ ሊበላሽ ይችላል። መብራቱ በማያስተማምን ሰዓት ሥራ አይጀመር። ተኑ እንዳይጐዳ መስኮት ይከፈት፤ ልጆችም ከትኵሱ ብረት ይራቁ።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ስለ ተደረገ፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው ይለዋወጣል፤ ስለዚህ የአምናውን ዋጋ ይዞ ከመነሣት በሚገዛበት ቀን ከሁለት ከሦስት ሱቅ መጠየቅ ነው። ሒሳቡም እንደሚከተለው ነው፤ ከሽያጩ ላይ የኩባያው፥ የወረቀቱ፥ የቀለሙና የመብራቱ ወጪ ይቀነሳል፤ ከ36 ኩባያ 3 ይበላሻል ብሎ መገመትም ጥንቃቄ ነው። የመኪናው ዋጋ በቀረው ትርፍ ሲካፈል ገንዘቡን ለመመለስ ስንት ኩባያ መሸጥ እንዳለበት ይታወቃል። ይህ ቍጥር ጐረቤትና ዘመድ በአንድ ዓመት ሠርግና ምረቃ ከሚያዝዘው የበለጠ እንደ ሆነ፥ መታገሥ ይሻላል እንጂ መበደር አይገባም።

በመጨረሻም ስለ ፊደል እናሳስባለን። ወረቀቱ በመስታወት እንደሚታይ ተገልብጦ ካልታተመ ጽሕፈቱ በኩባያው ላይ ተገልብጦ ይወጣል። ደግሞም ሠናይት በንጉሡ ሠ ወይም በእሳቱ ሰ፥ ኀይሉ በብዙኀኑ ኀ ወይም በሌላ መጻፉን ባለቤቱ ብቻ ያውቃል፤ ስሙን በገዛ እጁ ጽፎ እንዲሰጥ ይጠየቅ። በልባጥ ውስጥ የገባ ቀለም አይፋቅምና።

ትንሽ መኪና፥ የተፈተነ ኩባያና የታረመ ስም የያዘ ቤተሰብ በ12 ኩባያ ቢጀምር ያንሰዋል አንልም። የመጀመሪያው ደርዘን ተሸጦ ትርፉ ሲታይ፥ ሁለተኛውን ዕቃ የሚገዛው የራሱ የሥራው ገንዘብ ይሆናል።