የተላከ ቪዲዮ ወዴት ይሄዳል?

ልጆች፣ ዛሬ የምንማማረው በእጅ ስልክ ስለሚላላክ ቪዲዮ ነው። የራሳችሁ ስልክ ባይኖራችሁም የእናታችሁን ወይም የታላቅ እኅታችሁን ተቀብላችሁ ቲክቶክና ዩቲዩብ እንደምታዩ አውቃለሁ። ለመዝሙር ስትሰለፉ አንዳንዶቻችሁ የምታሳዩኝ ጭፈራ ከዚያ እንደመጣ ያስታውቃል!

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። አንድ ልጅ በክፍል ፊት ቆሞ ሲያነብ ተንተባተበ። ጓደኛው በስልክ ቀረጸውና «ለሦስት ልጆች ብቻ ነው» ብሎ በቴሌግራም ላከው። ሦስቱ እያንዳንዳቸው ለሌሎች ሦስት ቢልኩት 9 ይሆናሉ፤ ዘጠኙም እንዲሁ ቢያደርጉ 27፤ ከዚያም 81። በጣታችሁ ሳይሆን በደብተራችሁ ደምሩት፤ በአራት ዙር ብቻ 120 ልጆች አዩት ማለት ነው።

የቀረጸው ልጅ ማታ አዝኖ ቢያጠፋውስ? ቴሌግራም የላክነውን ከተቀባዩም ስልክ ላይ ለመሰረዝ ያስችላል። ነገር ግን አስቀድሞ ለሌላ የተላለፈውንና በሰው ስልክ ውስጥ የተቀመጠውን አያጠፋም።

ድሮ አንድ ልጅ ሲሳሳት የሚስቁት በዚያ የነበሩት ብቻ ነበሩ፤ የእረፍት ደወል ሲደወል ነገሩ ይረሳል። አሁን ግን ሳቁ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል። በማግሥቱ «ሆዴን አመመኝ» ብሎ ይቀራል፤ እናቱም ምክንያቱን አታውቅም።

በስልክ ማሾፍ ለምን የሚቀልል ይመስላችኋል? ፊት ለፊት ብትሰድቡት ዓይኑ እንባ ሲያቀርር ታያላችሁ፤ ልባችሁም ይራራል። በስልክ ግን የሚታየው ጽሑፍና የሳቅ ምልክት ነው። ስለዚህ ደግ ልጅ እንኳ ሳያስበው ጓደኛውን ይጎዳል።

የቲክቶክ፣ የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤቶች ራሳቸው 13 ዓመት ያልሞላው ልጅ የራሱን አካውንት እንዳይከፍት በደንባቸው ጽፈዋል። አውስትራሊያ ደግሞ በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ 16 አድርጋዋለች። ብዙ ልጆች ግን የተወለዱበትን ዓመት ዋሽተው ይገባሉ። (ይህን ስታነቡ ፈገግ ያላችሁ ትኖራላችሁ።)

እንዲህ ያለ ቪዲዮ ቢደርሳችሁ ለማንም አታስተላልፉ፤ ለወላጅ ወይም ለአስተማሪ አሳዩ። ልጁ ወደ ክፍል ሲመለስም አጠገቡ ተቀመጡ። ስለ ቪዲዮው አታንሡበት። እርሳስ ከሌለው አውሱት፤ በእረፍት ሰዓት ኳስ ስትጫወቱ ወደ እናንተ ቡድን ጥሩት።