ፕሮግራም በሪሲቨር መቅዳት፦ ሰዓቱ፣ ፍላሹና መብራቱ

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሳይገባ የታናሽ እህቴ የምርቃት ሥነ ሥርዓት በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፍ ነበር። እናቴና አክስቴ ሄደዋል። አባቴ ግን ሸዋ ሮቢት ላይ የሽንኩርት ማሳ አለው፣ የዚያን ቀን ጠዋት ደግሞ የመስኖ ውሃ ተራው ነበር። የውሃ ተራ ካለፈ አለፈ ነው። "አንተ ኢንጂነር አይደለህ? ቅዳልኝ" አለኝ። ሪሲቨሩ ላይ ፍላሽ ሰካሁ፣ መጀመሪያ ሰዓቱን 3፡00 ብዬ ሞላሁና አብሬው ማሳ ወረድኩ። ማታ ቁጭ ብለን ስንከፍተው የወጣው ሌሊት ላይ የታየ የድራማ ድጋሚ ነው። አባቴ ምንም አላለም፤ ዝም ብሎ ወደ ውጪ ወጣ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ሌላ ሰው እንደኔ እንዳያፍር ነው።

ኬብል በሌለበት አገር

በአሜሪካ ብዙ ቤት ቴሌቪዥን ሲገባ የኖረው በኬብል ነው። ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ተራራ የጋረዳቸው ትንንሽ ከተሞች ከፍታ ላይ አንድ አንቴና አቁመው በሽቦ ለየቤቱ ማከፋፈል ሲጀምሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ቲቮ የሚባለው መሣሪያ ገበያ ላይ ሲወጣ ደግሞ ሰው ፕሮግራሙን በካሴት ፈንታ ሃርድ ዲስክ ላይ መቅዳት ቻለ።

ይፋት ቆላ ላይ ሆነን ወደ ምዕራብ ስናይ የጣርማበር ተራራ ተገትሯል። እኛ ግን ኬብል ሳንጠብቅ ዲሽ ሰቀልን። "ኬብል" የምንለውም ከዲሹ ወደ ሪሲቨሩ የሚወርደውን ሽቦ ነው። የኢትዮጵያ ጣቢያዎች የሚሰበሰቡበት ኢትዮሳት በኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ላይ ነው፤ ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ይገኛል። ከሸዋ ሮቢት ሲሰላ አቅጣጫው ከሰሜን ወደ ምሥራቅ 119 ዲግሪ ገደማ፣ ከፍታው ደግሞ ከአድማስ 67 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ዲሻችሁን የሚጋርደው ተራራው ሳይሆን ግቢያችሁ ውስጥ ያለው ማንጎ ነው።

ይህን ያለ መሣሪያ ማረጋገጥ ይቻላል። በመስቀል ሰሞን፣ መስከረም 17 አካባቢ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ50 ገደማ ፀሐይ ከእኛ ሲታይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። በዚያ ሰዓት የዛፍ ጥላ ዲሹ ላይ ካረፈ ዛፉ የሲግናሉ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው። ፀሐይን በዓይን አትመልከቱ፣ ጥላውን ብቻ እዩ። በእነዚያ ቀናት ፀሐይ ራሷ የምትለቀው የሬዲዮ ሞገድ ሲግናሉን ለጥቂት ደቂቃ ሊያቋርጠው ይችላል። መጋቢት 7 አካባቢም 5 ሰዓት ካለፈ በኋላ ይደገማል። ዲሹን አትነካኩ፣ በራሱ ይመለሳል።

ሪሲቨሩ ምንድን ነው የሚቀዳው?

ብዙ ሰው ሪሲቨሩ ምስሉን እንደ ካሜራ የሚቀርጽ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ፕሮግራሙ ከጣቢያው ሲነሳ ተጨምቆ፣ እያንዳንዳቸው 188 ባይት በሆኑ ትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው። ሪሲቨሩ የምትፈልጉትን ጣቢያ እሽጎች ይለይና እንዳሉ ፍላሹ ላይ ያስቀምጣቸዋል። በዚህ ምክንያት የተቀዳው ጥራት በቀጥታ ከምታዩት እኩል ነው፤ ቴሌቪዥኑም መከፈት የለበትም።

መጠኑን ለማስላት ቀላል ነው። በሴኮንድ 3 ሜጋቢት የሚልክ መደበኛ ጣቢያ በአንድ ሰዓት 1.35 ጊጋባይት ይፈጃል። 8 ሜጋቢት የሚልክ ኤችዲ ጣቢያ ደግሞ 3.6 ጊጋባይት። እንግዲህ ባለ 32 ጊጋ ፍላሽ ከ8 ሰዓት በላይ ኤችዲ ይይዛል ማለት ነው።

ግን እዚህ ላይ ሁለተኛውን ጥፋቴን ልናገር። ዝግጅቱ በማግሥቱ ማታ 2 ሰዓት ላይ ተደገመ። ሰዓቱን አስተካክዬ ሞላሁ፣ ትልቅ ፍላሽ ሰካሁ። ከ71 ደቂቃ በኋላ ቀረጻው ቆመ። የእህቴ ትምህርት ክፍል ገና አልተጠራም ነበር። ፍላሹ ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ የተሞላው ፋይሉ ነው። ብዙ ፍላሽ ተሞልቶ የሚሸጥበት ፋት 32 የሚባለው አደረጃጀት አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት አያሳልፍም። አንዳንዱ ሪሲቨር እዚያ ሲደርስ ሁለተኛ ፋይል ይከፍታል፤ የኛው አልከፈተም። መፍትሔው ፍላሹን ከሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ፣ ምርጫው ካለ፣ ኤንቲኤፍኤስ በሚለው ፎርማት ማድረግ ነው። ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ ይጠፋልና አስቀድማችሁ ገልብጡ።

ሰዓቱ የማን ሰዓት ነው?

የመጀመሪያው ጥፋቴ ከዚህም ቀላል ነበር። ሪሲቨሩ ሰዓቱን የሚያገኘው ከሳተላይቱ ነው፤ የሚመጣውም ዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው። ሜኑ ላይ +3 ስንሞላ የኢትዮጵያን ሰዓት ያገኛል፣ ግን እኩለ ሌሊትን 0፡00 ብሎ የሚቆጥረውን። እኛ ቀኑን የምንጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። የኛ የጠዋት 3 ሰዓት ለሪሲቨሩ 9፡00 ነው፣ የኛ የማታ 2 ሰዓት ደግሞ 20፡00። እኔ 3፡00 ስል እሱ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነሥቶ ድራማውን ቀዳ። ማሽኑ አልተሳሳተም፣ ያልኩትን ነው ያደረገው።

ደንቡ እንዲህ ነው፦ ለቀኑ ሰዓት 6 ደምሩ፤ ለማታውም 18 ደምሩ፣ ከ24 ካለፈ 24 ቀንሱ። ቀኑም እንዳይምታታ ተጠንቀቁ። የኛ የሌሊት 7 ሰዓት ለሪሲቨሩ 1፡00፣ ያውም የማግሥቱ ቀን ነው።

አንድ ጆሮ፣ ሁለት ወሬ

"አንዱን እያየሁ ሌላውን ልቅዳ?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። በብዛት ቤታችን ያለው ሪሲቨር አንድ መቀበያ ብቻ ስላለው በአንድ ጊዜ አንድ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚሰማው። ሁለቱ ጣቢያዎች በአንድ ፍሪኩዌንሲ ከመጡ ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ካልሆነ ግን ጣቢያ ስትቀይሩ ቀረጻው ይቆማል። እንደ ዲኤስቲቪ ኤክስፕሎራ ያሉት ከአንድ በላይ መቀበያና የራሳቸው ሃርድ ዲስክ ስላላቸው ይህ አይቸግራቸውም።

መብራትና ሙቀት

በቀረጻ መሃል መብራት ሲጠፋ ፋይሉ በወጉ ሳይዘጋ ይቀራል። እሽጎቹ ፍላሹ ላይ ቢኖሩም የት እንዳሉ የሚናገረው ማውጫ ስላልተጻፈ ፋይሉ ባዶ መስሎ ይታያል። ለዚህ ነው በቀረጻ ላይ ያለ ፍላሽ መንቀል የማይገባው። ብዙ ትንንሽ ሪሲቨሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ ከሶላር ባትሪ ጋር በባለሙያ ማገናኘት ይቻላል። ቮልቱንና የፖዘቲቭ ኔጌቲቩን ምልክት ሳያዩ ግን አይሰካም።

ሙቀቱንም አትርሱ። ሪሲቨሩን በዳንቴል ሸፍኖ ቴሌቪዥኑ ሥር መወሸቅ ለዓይን ያምራል፤ በሸዋ ሮቢት ቀትር ግን መተንፈሻውን መዝጋት ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት

አንደኛ፣ ሪሲቨሩ ላይ የሚታየውን ሰዓት ከስልካችሁ ጋር አመሳክሩ። ሁለተኛ፣ 2 ደቂቃ ቀድታችሁ መልሳችሁ እዩ። ሦስተኛ፣ ከፕሮግራሙ 10 ደቂቃ ቀደም ብሎ እንዲጀምር፣ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ እንዲያቆም አድርጉ፤ የቀጥታ ሥርጭት በሰዓቱ አያልቅም። አራተኛ፣ ሪሲቨሩን በሪሞት አጥፉት እንጂ ከሶኬቱ አትንቀሉት።

የኔ የማስተርስ ምርቃት ዘንድሮ ነው። ፍላሹን አዘጋጅቼ፣ ሰዓቱን ሁለቴ አስልቼ ለአባቴ አሳየሁት። አየት አደረገና ሳቀ። "ውሃውን ከጎረቤት ጋር ተለዋውጫለሁ፤ እኔው ራሴ እመጣለሁ" አለኝ።