ኤምጂ ቢ ስትቆም ፍተሻው ከየት ይጀምራል?

ኤምጂ ቢ በእንግሊዟ አቢንግደን ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1980 የተመረተች የስፖርት መኪና ናት። ከእህት ሞዴሎቿ ጋር ከ500 ሺህ በላይ ተሠርታለች፤ የሚበዙትም ባሕር ተሻግረው አሜሪካ ገብተዋል። ባለ አራት ሲሊንደሩ 1,798 ሲሲ ሞተሯ እጅግ ጉልበተኛ የሚባል አይደለም። ኮፈኗን የከፈተ ሰው ግን እያንዳንዱን ዕቃ በዓይኑ ያየዋል፣ በእጁም ይደርስበታል። ኮምፒውተር የሚባል ነገር ስለሌላት መንገድ ላይ ቀጥ ስትል ሕመሟን የሚናገሩት ድምፅ፣ ሽታና የሽቦ ቀለም ናቸው።

ብዙ ሰው ሞተር ሲጠፋበት ካቻቢቴ ይዞ በቀጥታ ወደ ካርቡራተር ይሄዳል። ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በአብዛኞቹ ሞዴሎች ላይ ያሉት ሁለት ኤስዩ ካርቡራተሮች እኩል አየር እንዲስቡ ተደርገው የተስተካከሉ ናቸው፤ ትናንት ደህና ሲሠሩ የነበሩት ዛሬ ሁለቱም በአንዴ አይዛነፉም። የነካካቸው ሰው የመጀመሪያውን ብልሽት ሳያገኝ ሁለተኛ ይጨምርበታል። በድንገት የቆመች ኤምጂ ቢ ችግሯ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው።

ስለዚህ ሞተሪኖውን ሳይነኩ ቁልፉን ብቻ ከፍቶ ማዳመጥ ይቀድማል። የቤንዚን ፓምፗ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሲሆን በስተኋላ፣ በቀኝ በኩል ይገኛል። ጤነኛ ከሆነ ቶሎ ቶሎ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ ካርቡራተሮቹ ቤንዚን ሲሞሉ ድምፁ እየዘገየ ይሄድና ዝም ይላል። ጠቅታው አላቋርጥ ካለ ወይ ቤንዚን አልቋል፣ ወይ በቱቦው አየር እየገባ ነው፣ ወይም ካርቡራተሩ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው። የመጨረሻውን አፍንጫ ይለየዋል። ቤንዚን ከሸተተ ቁልፉ ወዲያው ይዘጋ፤ የጋለው የጭስ መውጫ ከካርቡራተሮቹ ሥር ነውና።

ፓምፑ ከመነሻው ዝም ካለስ? ውስጡ ኤሌክትሪኩን የሚያገናኙና የሚያቋርጡ ትንንሽ መገናኛዎች አሉ፤ ሲቃጠሉ አላገናኝ ይላሉ። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ አድርጎ መታ መታ ማድረግ ብዙ ጊዜ ያስነሳዋል። ይህ ቤት ያደርሳል እንጂ ጥገና አይደለም።

ፓምፑ ደህና ከሆነ እሳቱን ለሻማዎቹ ወደሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር እንለፍ። ክዳኑ ሲነሳ ሁለት የሚነካኩ የብረት ነጥቦች ይታያሉ፤ ሙሉ በሙሉ ሲከፈቱ በመካከላቸው ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ክፍተት ሊኖር ይገባል። አጠገባቸው የጣት ጫፍ የምታክል ኮንደንሰር አለች። መካኒክን ከምንም በላይ የምታደናግረው እሷ ናት። ጠዋት ሞተሩ በአንድ ቁልፍ ይነሳል፤ ሲሞቅ ይንተፋተፍና ይጠፋል፤ ግማሽ ሰዓት ጥላ ሥር ቆሞ ሲበርድ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል። ባለቤቱ ቤንዚኑን ይጠረጥራል፣ ፓምፑን ይቀይራል፣ ችግሩ ግን አይለቀውም። የብረት ነጥቦቹ ፊት ጠቁሮና ተቃጥሎ ከተገኘ ኮንደንሰሯ ትቀየር፤ ዋጋዋ ትንሽ ነው። ኮይልም ሲግል ተመሳሳይ ጠባይ ያሳያል። አዲስ አበባ ውስጥ አሮጌ ቮልስ የነዳ ሰው ይህን ሕመም ሳያውቀው አይቀርም፤ የሁለቱ መኪኖች የእሳት አሠራር አንድ ዓይነት ነው።

ሽቦዎቿ በቀለም የተለዩ መሆናቸው ትልቅ ዕድል ነው። ቡናማው ፊውዝ ሳያልፍ ከባትሪ የሚመጣ ነው። ነጩ ከቁልፉ ይነሳል፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሞዴሎች ኮይሉንም ፓምፑንም የሚመግበው እሱ ነው። አረንጓዴው ከቁልፉ በኋላ በፊውዝ ያለፈ፣ ጥቁሩ ደግሞ ግራውንድ ነው። አንዲት የመሞከሪያ አምፖል ይዞ ነጩን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል የተቋረጠበትን ቦታ ያሳያል። ግራውንዱ አይዘንጋ፤ የዛገ ግራውንድ መብራት ያደበዝዛል፣ ሞተሪኖንም ያደክማል። በብዙዎቹ ሞዴሎች ባትሪዎቹ ሁለት ባለ 6 ቮልት ሲሆኑ ከወንበሮቹ ኋላ ወለል ሥር ተደብቀዋል። ከዓይን ስለራቁ ማንም አይጠርጋቸውም፤ ጫፎቻቸው ነጭ አመድ ለብሰው ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. እስከ 1967 የተሠሩት መኪኖች ደግሞ ግራውንዳቸው ፖዘቲቭ ነው። ይህን ሳያጣራ ከሌላ መኪና ባትሪ የሚያገናኝ ሰው ትልቅ ጉዳት ያደርሳል።

ካርቡራተሩ ተራው የሚደርሰው ይህ ሁሉ ከታየ በኋላ ነው። ያኔም መጀመሪያ ከላይ ያለው ጥቁር ቆብ ተፈትቶ ዘይቱ ይታይ፤ ቁጥር 20 የሞተር ዘይት ይበቃዋል። ዘይቱ ካለቀ መኪናዋ ነዳጅ ሲረገጥ ታመነታለች፤ ዘይቱ ሲሞላ ማመንታቱ ይተዋታል።

የመለዋወጫ ነገር አያስፈራም፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ሙሉ አካሏ ሳይቀር እንግሊዝ ውስጥ እንደ አዲስ ይሠራል። የሚያስፈራው የቀደሙ ባለቤቶች በፕላስተር የቀጣጠሉት ሽቦ ነው። ኤምጂ ቢ ልትገዙ ካሰባችሁ ቀለሟን ከማድነቃችሁ በፊት ከዳሽቦርዱ ሥር ጎንበስ ብላችሁ ሽቦዎቿን እዩ። ስትጠግኗትም በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ሞክሩ፣ የለወጣችሁትን በማስታወሻ ጻፉ።