ሞተር ከመቀየርዎ በፊት ግፊቱን ያስለኩ

አንድ የታክሲ ባለንብረት ደንበኛዬ የሞተር መግዣ ብድር ሊያማክረኝ መጣ። «ቀዩ የዘይት መብራት አልጠፋ አለ፤ ጋራዡ ሞተሩ አልቋል ብሎኛል» አለኝ። «ግፊቱ ተለክቷል?» ብለው፣ «ኧረ መብራቱን አይተው ነው!» አለኝ። ሌላ ጋራዥ ሲለካ ሞተሩ ደህና ነበር። የተበላሸው የዘይት ግፊት ስዊቹ ነው።

ይህ ትንሽ ዕቃ ግፊት ሲወርድ መብራቱን ያበራል፤ ራሱ ሲበላሽም እንዲሁ። ሆኖም «ስዊቹ ይሆናል» ብለው አይንዱ። ዳር ይዘው ሞተሩን ያጥፉ። ጥቂት ቆይተው፣ መኪናው ሜዳ ላይ እንደቆመ ዘይቱን በመለኪያው ዘንግ ይዩ። ዘይቱ ሙሉ ሆኖ መብራቱ ካልጠፋ መኪናውን ያስጎትቱ። መካኒኩ ስዊቹን ፈትቶ በቦታው የግፊት ጌጅ ይሰር። ቁጥሩ ከፋብሪካው መመሪያ ጋር ከተስማማ ጥፋቱ የስዊቹ ወይም የሽቦው ነው፤ ካነሰ ግን ፓምፑ ወይም የሞተሩ ውስጥ ይመርመር።

ደረሰኙንም አይጣሉ። በአሜሪካ የግብር አሠራር የመኪናቸውን ትክክለኛ ወጪ የሚያስመዘግቡ ጥገናውን ከገቢያቸው ይቀንሳሉ። በማይል ተመን የሚያሰሉ ግን ጥገናው በተመኑ ውስጥ ስላለ ለብቻው መቀነስ አይችሉም።

እንግዲህ ከብድሩ በፊት ልኬቱ ይቅደም።