በእንግሊዝ አገር ውሻን በብድር ስለ ማቆየት ልማድ

በእንግሊዝ አገር ከተሞች የሚገኘው ውሻ በአብዛኛው የግቢ ዘበኛ አይደለም። የሚያድረው ከሰው ጋር በአንድ ጣራ ሥር፥ ብዙ ጊዜም በማድ ቤቱ ጥግ ወይም ከባለቤቱ አልጋ ግርጌ ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ለዕረፍት ወይም ለሐዘን ወደ ሌላ ስፍራ በሚሄድበት ጊዜ ውሻው የት ይቆይ የሚለው ጥያቄ ቀላል አይሆንም። በኢትዮጵያ ገጠር ጥያቄው በዚህ መልክ አይነሣም፤ ባለቤቱ ለክርስትና ወይም ለተዝካር ራቅ ወዳለ አገር ቢሄድ ውሻው ከግቢው ይቀራል፥ ጎረቤትም ፍርፋሪ ይጥልለታል። ቤቱ ለውሻው አደራ ይሰጣል እንጂ ውሻው ለሰው አደራ አይሰጥም።

እንግሊዛዊው ባለ ውሻ ግን ሦስት መንገድ አለው። አንደኛው ውሻውን ይዞ መሄድ ነው። ሁለተኛው ገንዘብ ከፍሎ በውሻ ማቆያ ቤት ማስቀመጥ ነው። ሦስተኛው፥ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው፥ ዛሬ የአንተን እኔ አቆያለሁ፥ ነገ የእኔን አንተ ታቆያለህ በሚል ስምምነት ለሌላ ባለ ውሻ መስጠት ነው። በአማርኛ ለዚህ የሚቀርበው ቃል ወንፈል ነው፤ ሆኖም ወደ ኋላ እንደሚታየው ልማዱ ከወንፈል ጋር በሁሉ አይስማማም።

የውሻ ማቆያ ቤት ነውር ያለበት ስፍራ አይደለም። ውሾቹ በየክፍላቸው ያድራሉ፤ በተወሰነ ሰዓት ይመገባሉ፤ ክፍያውም በቀን ይታሰባል። ከ1963 ዓ.ም. ሕግ ወዲህ እንዲህ ያለ ቤት የሚያቋቁም ሰው ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው፤ በ2018 ዓ.ም. የወጣው ደንብም ግዴታውን አሻሽሎ አጽንቶታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባለ ውሾች ለምን ይሸሹታል ቢባል አስቀድመው የሚጠሩት ምክንያት ዋጋውን ነው። ነገር ግን ነገሩ በዋጋ ብቻ የሚያልቅ አይመስልም፤ የሌላውን ውሻ የሚያቆይ ሰው ጊዜውና ድካሙ ቢተመን ከማቆያ ቤቱ ክፍያ ያነሰ ላይሆን ይችላልና። ሁለተኛው ምክንያት ጤና ነው። ብዙ ውሾች በሚሰበሰቡበት ስፍራ በቀላሉ የሚተላለፍ የሳል በሽታ አለ፤ እንግሊዞችም በሽታውን የሚጠሩት በዚሁ በማቆያ ቤቱ ስም ነው።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ይኸውም ውሻው ባይተዋርነት ይሰማዋል የሚል እምነት ነው። ይህ እምነት የባለቤቶች የስሜት ፈጠራ ብቻ ነው እንዳይባል በ1998 ዓ.ም. በቡዳፔስት የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት አለ። ለሕፃናትና ለእናቶች የተዘጋጀውን የሜሪ ኤንስዎርዝን ፈተና ወስደው 51 ውሾችን ከየባለቤቶቻቸው ጋር በእንግዳ ክፍል ውስጥ ተመለከቱ። ባለቤቱ በአጠገቡ ሲሆን ውሻው ይጫወታል፥ ክፍሉንም ይመረምራል፤ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲቀር ዓይኑ ወደ በሩ ያዘነብላል። የሆነ ሆኖ ጥናቱ የጥቂት ደቂቃዎችን መለየት እንጂ የሁለት ሳምንትን አልመረመረም፤ ማቆያ ቤት ውሻን ይጎዳል ለማለት ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ከልክ ማለፍ ነው። የሚያስረዳው ለውሻ ሰው ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው፤ ልማዱም የቆመው በዚሁ ላይ ነው።

ትውውቁ የሚጀመረው በመናፈሻ ነው። ጠዋትና ማታ ውሾቻቸውን የሚያንሸራሽሩ ሰዎች በአንድ ሰዓት በአንድ ስፍራ ይገናኛሉ። በመጀመሪያ የሚተዋወቁት ውሾቹ ናቸው፤ ሰዎቹ ለወራት እየተነጋገሩ የእርስ በርስ ስማቸውን ላያውቁ ይችላሉ፥ የውሾቹን ስም ግን ሁሉም ያውቃል። በኢትዮጵያ አንዲት ሴት በልጇ ስም «የእገሌ እናት» ተብላ እንደምትጠራ፥ በዚያም ሰው በውሻው ስም ይታወቃል። መተማመኑ ሲበረታ አንድ ሌሊት ለሙከራ ይታደራል። ሙከራው ከተሳካ በጉዞው ዋዜማ ውሻው ከነዕቃው ይመጣል፤ ማሰሪያው፥ የለመደው ምግብ፥ የቤቱን ጠረን የያዘ ብርድ ልብስ፥ የእንስሳት ሐኪሙ አድራሻ፥ የሚወደውንና የሚፈራውን የሚዘረዝር ወረቀት። አንዳንድ ጊዜ ውሻው ከቤቱ ሳይወጣ አቆዪው ወደ እርሱ ይመጣል፤ ያን ጊዜ የሚሰጠው የቤት ቁልፍ ጭምር ነው።

ብድሩ እንዴት ይቆጠራል? ወንፈል ቆጣሪ ነው፤ የአንድ ቀን አጨዳ በአንድ ቀን አጨዳ ይመለሳል፥ ያላመጣ ሰውም በሚቀጥለው አይጠራም። በደቦ ደግሞ ጠላውና ምግቡ የዕለቱን ድካም ስለሚያካክስ ሒሳቡ እንደዚያ አይጠብቅም። የውሻው ልማድ በሁለቱ መካከል ይቆማል። ብድር በምድር መሆኑ አይዘነጋም፤ ነገር ግን ሰባት ሌሊት በሰባት ሌሊት ይመለስ የሚል ሰው እንደ ንፉግ ይታያል። ገንዘብ የሚሰጥማ ወዳጅነቱን ያስቀይማል፤ ከሄደበት አገር አይብ ወይም ወይን ጠጅ ይዞ ቢመጣ ግን ደስ ያሰኛል። ማርሴል ሞስ በ1925 ዓ.ም. በታተመው ስለ ስጦታ በሚናገረው ድርሰቱ፥ በፈቃድ የሚመስለው ስጦታ የመስጠት፥ የመቀበልና የመመለስ ግዴታ እንዳለበት ያሳየው ለእንዲህ ያለው አይብ ጭምር ይሠራል።

ሒሳቡ የማይጠብቀው ሰዎቹ ቸሮች ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ውሾቹ አይተካከሉምና ነው። አንዱ ጫማ የሚያኝክ ቡችላ ነው፤ ሌላው በሌሊት ሁለት ጊዜ መውጣት የሚፈልግ፥ መድኃኒትም የሚውጥ ሽማግሌ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋበት በነሐሴ ወር የሚሰጥ ሳምንትና ማንም በማይጓዝበት በክረምታቸው የሚሰጥ ሳምንትም እኩል አይመዝንም።

ሒሳቡ ሲጠብቅ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ምሳሌ ከውሾች ሳይሆን ከልጆች፥ ከእንግሊዝም ሳይሆን ከአሜሪካ የመጣ ነው። በዋሺንግተን በካፒቶል ሂል ሰፈር 150 ያህል ቤተ ሰቦች በየተራ አንዱ የሌላውን ልጆች ለመጠበቅ ማኅበር መሥርተው ነበር፤ ታሪኩንም ጆአንና ሪቻርድ ስዊኒ በ1977 ዓ.ም. አሳተሙት። ማኅበሩ እያንዳንዱ የግማሽ ሰዓት ጥበቃ የሚገዛ ኩፖን ያድል ነበር። በሰዎች እጅ ያለው ኩፖን ሲያንስ ግን ሁሉም ለክፉ ቀን ማጠራቀም ያዙ። ሰው ለመውጣት ሲሣሣ ሌላው ልጅ ጠብቆ ኩፖን የሚያገኝበት ዕድል ጠፋ፤ ጠባቂ ሞልቶ የሚጠበቅ ታጣ። አባላቱን እንዲወጡ የሚያስገድድ ደንብ ቢያወጡም አልጠቀመም። በመጨረሻ ኩፖን ሲጨመር ነገሩ ተቃና፤ ከዚያም ኩፖኑ ከመጠን በላይ በዝቶ ችግሩ ተገለበጠ። የመናፈሻው ባለ ውሾች እንዲህ ካለው በሽታ የዳኑት ጥቂቶች በመሆናቸውና ብድሩ በቃል ስለሚታወስ ነው። ብዙዎች ቢሆኑ እነርሱም ኩፖን ሳያሻቸው አይቀርም ነበር።

የእንግሊዝ ሕግም ይህን ልማድ ሳይሰይመው ድንበሩን አበጅቶለታል። በ2018ቱ ደንብ ፈቃድ የሚያስፈልገው ለትርፍ ወይም ለክፍያ ለሚያሳድር ሰው ነው፤ ወዳጁን ለመርዳት ያለ ዋጋ ያሳደረ ነጋዴ አይባልም። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. የወጣው የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ኃላፊነቱ ለዘለቄታም ሆነ ለጊዜው እንስሳውን የያዘው ሰው እንደሆነ ይደነግጋል፤ ባለቤቱም ቢሆን ከኃላፊነቱ አይወጣም። እንግዲህ በአንድ ውሻ ላይ ሁለት ተጠያቂዎች ይኖራሉ፤ ይህም የአደራ ጠባይ ነው።

አደራው የሚፈተነው በመከራ ቀን ነው። ባለቤቱ በአውሮፕላን ሳለ ውሻው ቢታመም፥ ሐኪሙም አሁኑኑ ካልተቀደደ ይሞታል ቢል፥ ቃል የሚሰጠው አቆዪው ነው። ስለዚህ ጥንቁቆቹ እስከ ምን ያህል ወጪ እንዲታከም፥ ማን እንደሚከፍል፥ ሞት የማይቀር ከሆነም ማን እንደሚፈርድ አስቀድመው በወረቀት ይጽፋሉ። ገንዘብ አይነሣ የሚለው ልማድ ገንዘብን በግልጽ የሚያነሣው እዚህ ላይ ብቻ ነው። ውሻው በአቆዪው እጅ ከሞተ ደግሞ ጥፋት ባይኖርበትም ወዳጅነቱ እንደ ቀድሞው አለመቀጠሉ የሚያስደንቅ አይሆንም።

ልማዱን የሚያመሰግኑ ሰዎች የማይናገሩለት አንድ ነገር አለ። ተናካሽ ውሻ ያለው ሰው፥ በሌሊት ሥራ የሚውል፥ ወይም አከራዩ ሁለተኛ ውሻ የማይፈቅድለት፥ ብድር መመለስ ስለማይችል ከክበቡ ውጭ ነው። የማቆያ ቤቱ ግን የሚጠይቀው ገንዘቡንና የክትባቱን ወረቀት ነው፤ ወዳጅ ያለው መሆኑን አይጠይቅም። በዚህ ረገድ ገንዘብ ከወንፈል ይልቅ ለብቸኛ ሰው ይራራል። በአንጻሩ ውሻዋ የሞተባትና በዕድሜዋ ምክንያት ሌላ ለማሳደግ የማትደፍር አሮጊት ከክበቡ ሳትወጣ ትቀር ይሆናል፤ የሌሎቹን ውሾች ታቆያለች፥ እነርሱም አትክልቷን ይኮተኩቱላታል ወይም ገበያ ያደርሷታል። ያን ጊዜ ውሻ በውሻ መመለሱ ይቀርና ብድሩ መልኩን ይለውጣል።

ባለቤቱ ሲመለስ ውሻው ዘልሎ ይቀበለዋል፤ ዕቃውም ተሰብስቦ ይመለሳል። የውኃ ማጠጫው ሳህን ግን ብዙ ጊዜ ከአቆዪው ቤት ይቀራል፥ ማንም አይጠይቀውም። ከሳምንት በኋላ በመናፈሻው መንገድ ሲያልፉ ውሻው ወደዚያ በር ማሰሪያውን ይጎትታል።