የአንድ ሳንቲ ሜትር ዳኝነት፦ የውድድር ጫማና ጎማ እንዴት ይመረመራሉ?

መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም. በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና በተካሄደው የማራቶን ውድድር ኢትዮጵያዊው አትሌት ደራራ ሁሪሳ ርቀቱን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ አጠናቅቆ የመጨረሻውን መስመር ቀድሞ አለፈ። አሸናፊነቱ ግን አልጸናለትም። የተጫማው ጫማ የሶል ውፍረት 50 ሚሊ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ደንቡ የሚፈቅደው ከፍተኛ መጠን ደግሞ 40 ሚሊ ሜትር ነው። ውጤቱ ተሰርዞ፣ በ3 ሰከንድ ብቻ የተቀደመው ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ።

የወራት ልምምድና የ42 ኪሎ ሜትር ድካም በአንድ ሳንቲ ሜትር ምክንያት ከውጤት መዝገብ ወጣ። ውሳኔው በሀገራችን የስፖርት ወዳጆች ዘንድ ቁጭት ማሳደሩ አይደንቅም። ሆኖም ከቁጭቱ ባሻገር፣ በከሚሴ፣ በባቲም ሆነ በሰንበቴ ልጁን ለሩጫ የሚያዘጋጅ ወላጅና አሠልጣኝ ሊያውቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፦ ተወዳዳሪ የሚጠቀምበት መሣሪያ ሕጋዊ መሆኑን ማን፣ መቼና በምን ይለካል?

ይህ ጥያቄ የሩጫ ብቻ አይደለም። በብዙ ሀገሮች አማተር ተወዳዳሪዎች በሚሳተፉበት የካርት ውድድር ለዓመታት ሲያከራክር የኖረ ነው። በሩጫ ጫማ እንደሚለካ ሁሉ፣ በካርት ውድድር የሚመረመረው ጎማ ነው። የሁለቱ ስፖርቶች ልምድ ጎን ለጎን ሲታይ፣ ደንብን ከማውጣት ይልቅ ደንብን በሚያሳምን መንገድ ማስከበር የቱን ያህል እንደሚከብድ ያሳያል።

ቁጥር ያለው ደንብ

የሩጫ ጫማ ውፍረት በቁጥር የተወሰነው በቅርብ ዓመታት ነው። ወፍራምና ቀላል ስፖንጅ በውስጡም ጠንካራ የካርቦን ዝርግ ያላቸው ጫማዎች መምጣታቸው የሯጩን ጉልበት እንደሚቆጥቡ ከታየ በኋላ ክርክሩ ተፋፋመ። ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ጥቅምት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. እዚያው ቪየና ውስጥ፣ ለእሱ ተብሎ በተዘጋጀ ሩጫ የማራቶንን ርቀት በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ሲያጠናቅቅ የተጫማው ገና ለገበያ ያልቀረበ ጫማ ነበር። ሩጫው መደበኛ ውድድር ስላልነበር ሰዓቱ በክብረ ወሰንነት አልተመዘገበም።

በዚያው ዓመት በጥር ወር የዓለም አትሌቲክስ ደንቡን ይፋ አደረገ። በዚህም መሠረት የጎዳና ላይ ሩጫ ጫማ ሶል ከ40 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ፣ በውስጡም ከአንድ በላይ ጠንካራ ዝርግ እንዳይኖር ተወሰነ። ድርጅቱ የተፈቀዱ ጫማዎችንም ዝርዝር ያወጣል።

በደራራ ላይ የተላለፈው ውሳኔ በዚህ ደንብ ላይ የተመሠረተ ነው። አዘጋጆቹ እንዳስታወቁት፣ አትሌቱ ከውድድሩ በፊት ያስመዘገበው ጫማ የተፈቀደ ሲሆን በሩጫው ዕለት የተጫማው ግን ሌላ ነበር። ስለዚህ ልኬቱ ራሱ ብዙ አላከራከረም፤ ማስመሪያ ለሁሉም እኩል ይናገራል። ክፍተቱ የተፈጠረው በምዝገባውና በመነሻው መስመር መካከል ነው። የተመዘገበው ጫማ እግር ላይ ያለው ስለመሆኑ የመጨረሻው መልስ የተገኘው ከሩጫው በኋላ ሆነ።

ውሳኔው የጎዳውን ብቻ ሳይሆን የጠቀመውንም ማየት ተገቢ ነው። የደራራ ውጤት ሲሰረዝ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከፍ ያለው ሌላው ኢትዮጵያዊ በተስፋ ጌታሁን ነበር። ደንብ የሚከበረው በአንዱ ላይ ለመጨከን ሳይሆን ከኋላው ያለውን በደንቡ መሠረት የሮጠ ተወዳዳሪ ለመጠበቅ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

በሌላ በኩል መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም. አትሌት ትዕግስት አሰፋ በበርሊን ማራቶን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ በመግባት የሴቶችን የዓለም ክብረ ወሰን ከ2 ደቂቃ በላይ አሻሽላለች። የተጫማችው ጫማ ክብደቱ 138 ግራም፣ የተረከዙ ውፍረት 39 ሚሊ ሜትር ነበር። ስለ ጫማው ቅለትና ስለ ዋጋው ውድነት ብዙ ተብሏል፤ ነገር ግን በተፈቀደው ልክ ውስጥ በመሆኑ ውጤቱ ጸንቷል። በ39 እና በ50 ሚሊ ሜትር መካከል ያለው ልዩነት፣ ደንብ ጠንቅቆ ማወቅ የልምምድ አንዱ አካል መሆኑን ያስረዳል።

ቁጥሩ የማይታይ ሲሆን

የጫማ ውፍረት በዓይን ይታያል፤ በማስመሪያም ይለካል። የካርት ጎማ ጉዳይ ግን ከዚህ ይወሳሰባል።

ካርት አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ፣ ጣሪያና ሞላ የሌለው፣ ከመሬት ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ የሚሄድ ትንሽ ባለ አራት ጎማ የውድድር ተሽከርካሪ ነው። የመጀመሪያው ካርት በ1956 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ካሊፎርኒያ አርት ኢንግልስ በተባለ ባለሙያ ተሠራ። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽንም በ1962 እ.ኤ.አ. ስፖርቱን የሚመራ ኮሚሽን አቋቋመ። በሀገራችን እምብዛም ያልተለመደ ቢሆንም፣ በሌላው ዓለም ሕፃናት ጭምር ከወላጆቻቸው ጋር በየሳምንቱ መጨረሻ የሚወዳደሩበት ስፖርት ነው።

ወጪን ለመቀነስና ውድድሩን እኩል ለማድረግ፣ ብዙ የካርት ውድድሮች ሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጎማ እንዲጠቀም ያስገድዳሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባና ደሴ መንገድ ላይ የሚሠራ ማንኛውም ሾፌርም ሆነ ጎሚስታ እንደሚያውቀው፣ ለስላሳ ጎማ መሬት አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ቶሎ ያልቃል። ደረቅ ጎማ ደግሞ ዕድሜው ይረዝማል፤ ሆኖም ይንሸራተታል። ለአጭር ውድድር የጎማው ቶሎ ማለቅ አያሳስብም፤ የሚፈለገው መሬት መያዙ ነው። በመሆኑም አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ጎማውን ላስቲክ በሚያለሰልሱ ኬሚካሎች ይቀባሉ። ጎማው ከውጭ ሲታይ ከሌሎቹ አይለይም፤ የፋብሪካው ስምና ቁጥርም እንዳለ ነው። የተለወጠው ውስጡ ነው።

ድርጊቱ የሚከለከለው ለእኩልነት ሲባል ብቻ አይደለም። ለዚህ ተግባር ከሚውሉት ፈሳሾች መካከል እንደ ቶሉይን እና ዛይሊን ያሉ በቀለም ማቅጠኛ ውስጥ የሚገኙ ኬሚካሎች አሉ። ትነታቸው ራስ ምታትና ማዞር ያስከትላል፤ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስም የነርቭ ሥርዓትን ይጎዳል። ጎማውን የሚያገላብጡት ልጆች ሲሆኑ አደጋው ይከፋል።

ሦስት ምርመራዎች፣ ሦስት ክርክሮች

የመጀመሪያው ምርመራ የጥንካሬ ልኬት ነው። ዱሮሜትር የተባለ አነስተኛ መሣሪያ ጫፉ ላስቲኩ ላይ ተጭኖ የልስላሴውን መጠን ከ0 እስከ 100 ባለው መለኪያ ያሳያል። ርካሽና ፈጣን ነው። ይሁን እንጂ ጎማ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል። አንድ ጎማ ጠዋት በጥላ ሲለካና በቀትር ከውድድር እንደወጣ ሲለካ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ሊሰጥ ይችላል። የሙቀቱ መጠን አብሮ ካልተመዘገበ ተከሳሹ የሚከራከርበት በቂ ምክንያት ያገኛል።

ሁለተኛው፣ ከጎማው የሚወጣውን ትነት የሚለካ መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በአየር ውስጥ ያለውን ተናኝ ኬሚካል መጠን በቁጥር ያሳያል፤ የኬሚካሉን ማንነት ግን ለይቶ አይናገርም። ተወዳዳሪው የሞተር ነዳጅ ፈስሶበት ወይም የሰንሰለት ቅባት ተረጭቶበት እንደሆነ ሊናገር ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ ከብዙ ቀናት በፊት የተቀባ ኬሚካል ትነቱ ጠፍቶ ልስላሴው ሊቀር ስለሚችል፣ ጥፋተኛው ነጻ የሚወጣበት ዕድል አለ።

ሦስተኛው የላቦራቶሪ ምርመራ ነው። ከጎማው ቁራጭ ተወስዶ በውስጡ ያሉት ኬሚካሎች አንድ በአንድ ተለይተው ካልተነካ አዲስ ጎማ ጋር ይነጻጸራሉ። ከሦስቱ የበለጠ አስተማማኝ ቢሆንም ወጪው ከፍተኛ ነው፤ ውጤቱም የሚደርሰው ዋንጫው ከተሰጠ ከቀናት በኋላ ነው። በአነስተኛ ክለቦች ዳኞቹ ብዙውን ጊዜ በጎ ፈቃደኞች፣ አንዳንዴም የሌላ ተወዳዳሪ ወላጆች በመሆናቸው፣ ለምርመራ የተመረጠው ሰው «ለምን እኔ ብቻ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ከመሣሪያው ይልቅ ናሙናው

የዞኑ አርሶ አደሮች ይህን ክርክር በሌላ መልኩ ያውቁታል። ማሾ ወይም ማሽላ ለገበያ ሲቀርብ በሻጭና በገዢ መካከል አለመግባባት የሚነሳው ሚዛን ስለሌለ አይደለም። እርጥበቱ መቼ ተለካ? ናሙናው ከጆንያው አናት ነው ወይስ ከሥር የተወሰደው? የወሰደውስ ማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች መልስ ሲያጡ ነው። ከጆንያው አንድ ጎን ብቻ የተወሰደ እፍኝ እህል፣ መሣሪያው የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ የጆንያውን ሙሉ እውነት አይናገርም።

የጎማም ምርመራ እንዲሁ ነው። ቁራጩ ባለቤቱ ባለበት ካልተወሰደ፣ ታሽጎ ካልተፈረመበትና ለድጋሚ ምርመራ የሚሆን ግማሹ ካልተቀመጠ፣ የላቦራቶሪው ውጤት ትክክል ቢሆን እንኳ አመኔታ ያጣል። ያልታመነ ውሳኔ ደግሞ ጥፋተኛውን ከማስተማር ይልቅ በማኅበሩ ውስጥ ቂም ይተዋል።

ክርክርን አስቀድሞ መዝጋት

ከዚህ በመነሳት በካርት ስፖርት ተመራጭ እየሆነ የመጣው መንገድ፣ ጥፋትን በኋላ ከማደን ይልቅ ዕድሉን አስቀድሞ መዝጋት ነው። በብዙ ውድድሮች እያንዳንዱ ጎማ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩም በተወዳዳሪው ስም ይመዘገባል። በሌሎች ደግሞ አዘጋጁ ጎማዎቹን በዕለቱ ያድላል፤ ከውድድሩ በኋላም በተከለለ ቦታ ያስቀምጣቸዋል። ሮታክስ ማክስ ቻሌንጅ በተባለው ዓለም አቀፍ ውድድር የፍጻሜ ዙር ካርቱ ራሱ ለተወዳዳሪዎች የሚደርሰው በዕጣ ነው። የትኛው እንደሚደርሰው የማያውቅ ሰው አስቀድሞ ሊነካካው አይችልም።

ይህ አሠራር ላቦራቶሪ ለሌላቸው አካባቢዎች ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። አንድ ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌ የሩጫ ወይም የብስክሌት ውድድር ቢያዘጋጅ፣ ውድ መሣሪያ ሳይገዛ ሊያሟላቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። ደንቡን ከውድድሩ በፊት በጽሑፍና ተወዳዳሪዎቹ በሚገባቸው ቋንቋ፣ በዞኑ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ ማሳወቅ አንዱ ነው። ምርመራውን በመጨረሻው መስመር ላይ ሳይሆን በመነሻው ላይ ማድረግ፣ ያለ ልዩነት በአንድ መለኪያ መለካት፣ ልጁ የሚወዳደርን ወላጅ በዳኝነት አለማስቀመጥና ቅሬታ የሚቀርብበትን ጊዜና ቦታ አስቀድሞ መወሰን ደግሞ ሌሎቹ ናቸው።

በእርግጥ አስቀድሞ መመርመር ሁሉንም ክርክር አያስቀርም። በደንቡ መሠረት የተመዘገበ ጫማ በማግስቱ ሊቀየር እንደሚችል ቪየና አሳይታለች። ተወዳዳሪውም ኃላፊነት አለበት፤ የሚጫማውን ጫማ በተፈቀደው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ማረጋገጥ ያለበት በመጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎም አሠልጣኙ ነው። ወጣቱ ሯጭ ከውጭ የመጣ ወይም በስጦታ ያገኘው ጫማ ውፍረቱ ስንት እንደሆነ ከመወዳደሩ በፊት ቢጠይቅ የሚያወጣው ወጪ የለም። ሳይጠይቅ ቢቀር ግን የሚከፍለው ዋጋ ድሉን ሊሆን ይችላል።