ሴፕቲክ ታንክ እንዴት ይሠራል? ለምንስ ቶሎ ቶሎ ይሞላል?

በአዲስ አበባ ከከተማው የፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገናኘ ቤት ብዙ ነው። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ፣ ከሽንት ቤትና ከኩሽና የሚወጣው ውሃ የሚሄደው ግቢዎ ውስጥ ወደተቀበረው ሴፕቲክ ታንክ ሊሆን ይችላል።

እዚያ ምን ይሆናል? ፍሳሹ ይረጋል። ከባዱ ቆሻሻ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ይህ ዝቃጭ ይባላል። ቅባቱ ከላይ ይንሳፈፋል። መሃል ላይ የቀረው ውሃ በቧንቧ ወደ ማስረጊያው ያልፋል። ማስረጊያ ማለት ውሃውን ቀስ በቀስ ወደ አፈሩ የሚያሰርግ፣ ብዙ ጊዜ ድንጋይ የተሞላበት ጉድጓድ ነው።

ዝቃጩስ? ባክቴሪያዎች፣ ማለትም በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን፣ ከፊሉን ያብላሉታል። የተረፈው ግን በየዓመቱ ይጠራቀማል።

ታንኩ እስከ መውጫው ቧንቧ ውሃ ቢይዝ አይደንግጡ፤ ደህና ታንክ ሁልጊዜ እንደዚያው ነው። የሚለካው ዝቃጩ ነው። የታንኩን ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ከያዘ ማስመጠጥ ያስፈልጋል። ለብዙ ቤተሰብ ይህ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። ተከራይ የበዛበት ግቢ ይቀድማል።

ቢዘገይስ? ዝቃጩ ከውሃው ጋር ወደ ማስረጊያው ይሻገርና የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍናል። ከዚያ በኋላ ቢያስመጥጡም ታንኩ ቶሎ ከመውጫው በላይ ይሞላል፤ ውሃው መሄጃ የለውማ።

ሌሎችም ምክንያቶች አሉ። ጥቁር የመረሬ አፈር ሲርስ ስለሚያብጥ ውሃ አያሳልፍም። የአሸንዳ ውሃ ወደ ታንኩ ከገባ፣ ዝቃጩ ሳይረጋ ተገፍቶ ይወጣል። ዳይፐር፣ ሞዴስና የወጥ ቅባት ቧንቧውን ይዘጋሉ። በረኪናም በብዛት ከተደፋ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል።

ወጪውስ? የመምጠጫ መኪና የሚከፈለው በቢያጆ ነው፤ ትልቅ ታንክ ከአንድ ቢያጆ በላይ ሊፈልግ ይችላል። ላዩን ውሃ ብቻ ስበው እንዳይሄዱ፣ ዝቃጩ መውጣቱን ቆመው ያረጋግጡ። ማስረጊያው ከተደፈነ ግን የቁፋሮ፣ የድንጋይና የጉልበት ሒሳብ ይመጣል፤ አዲስ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታም ያስፈልጋል። በጊዜ ማስመጠጥ ከዚህ ሁሉ ይረክሳል።

አንድ ነገር አደራ፦ ታንኩ ባዶ ቢመስልም ማንም ሰው እንዳይገባ። ውስጡ የሚጠራቀመው ጋዝ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። ሰው ቢወድቅ እንኳ ተከትለው አይግቡ፤ የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞችን ይጥሩ።